«ሲስተሙ መጣ?»

«ልጄ፣ ሲስተሙ መጣ?»

የጠየቁኝ መስኮት 4 ፊት ወረፋ የያዙ አንዲት እናት ናቸው። ቀኑ ሰኞ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ተኩል። የቁጠባ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የሠራተኛ መታወቂያ አይተው ነው የጠየቁኝ። እኔ ላፕቶፕ ታቅፌ ከአምስተኛ ፎቅ በደረጃ እየሮጥኩ መውረዴ ነበር።

«ገና ነው እማማ። እየሠራንበት ነው» አልኳቸው።

«እንግዲህ ይመጣል» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተም እንደ መብራትና እንደ ውሃ ነው የሚነገርለት። ይሄዳል፤ ይመጣል። ገንዘብ ልታወጣ ሄደህም ሆነ መታወቂያ ልታሳድስ ተሰልፈህ «ሲስተም የለም» ከተባልክ ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም። መቼ ይመጣል ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ሲስተሙ የትም አልሄደም ነበር። ሦስቱም ሰርቨሮች በርተዋል። ዳታቤዙ ደህና ነው። መብራት አልጠፋም፣ ኬብል አልተቆረጠም። የእማማ ጥያቄ ከመስኮት 4 ተነስቶ በሰላም ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል። መንገድ የሳተው መልሱ ነው። ይህችን ለማወቅ ከጠዋቱ 2 ተኩል እስከ ቀኑ 8 ተኩል፣ ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ያን ስድስት ሰዓት ነው ልጽፍላችሁ የፈለግኩት።

የምሠራበት ቤት ስሙ ይቅር። ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ቤት ነው ብል ይበቃል። ሕንፃው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ሲወረድ። ምድር ቤቱ የደንበኞች አዳራሽ ነው፣ ስድስት መስኮት አለው። አምስተኛ ፎቅ ላይ የሰርቨር ክፍሉ አለ። ጠባብ ነው፣ ይበርዳል፣ ጃኬት ሳይደርቡ አይገባበትም።

ከጀርባ ያለውን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። ደንበኛን የሚያስተናግደው ፕሮግራም በሦስት ቨርቹዋል ሰርቨሮች ላይ ነው ያለው። ቨርቹዋል ሰርቨር ማለት የራሱ ሣጥን የሌለው ሰርቨር ነው። በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ ብዙዎቹ ተከራይተው ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ግን ሙሉ ቤት ያለው ይመስለዋል። ከሦስቱ ፊት ደግሞ ሎድ ባላንሰር ቆሟል። እኛ ቢሮ ውስጥ «ተራ አስከባሪው» ነው የምንለው። ለገሃር ታክሲ ተሰልፋችሁ ከሆነ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ሰው ይመጣል፣ ተራ አስከባሪው «አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ» እያለ ይመድባል፤ አንዱ ታክሲ ጢም ብሎ ሌላው ባዶውን እንዳይቆም። የእኛው ትንሽ የሚለየው ሰው ማስታወሱ ነው። የኮምፒውተርህን አድራሻ አይቶ ሁልጊዜ ያው ታክሲ ላይ ነው የሚያስገባህ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ሎድ ባላንሰሩ የሚሠራው ሊኑክስ ቨርቹዋል ሰርቨር በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ስሙ ከተከራዮቹ ጋር ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነገር ነው። ዌንሶንግ ዣንግ የተባለ ቻይናዊ ባለሙያ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፣ እስከ ዛሬም ከሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ጋር አብሮ አለ። ይህ አሠራር ሦስት መንገድ አለው። እኛ የመረጥነው ናት (NAT) የሚባለውን፣ አድራሻ እየቀየረ የሚያስተላልፈውን ነው። ናት አንድ የማይታለፍ ሕግ አለው፦ ጥያቄው በሎድ ባላንሰሩ በኩል ገብቶ ከሆነ መልሱም በሎድ ባላንሰሩ በኩል መውጣት አለበት። ስለዚህ የሦስቱም ሰርቨሮች መውጫ በር፣ ዲፎልት ጌትዌይ የምንለው፣ ሎድ ባላንሰሩ ራሱ ነው። የእኛው በር 10.20.30.1 ነው። ሰርቨሮቹ .11፣ .12 እና .13።

እሁድ ማታ ሥራ ነበረን። የሰርቨሮቹ ባክአፕ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ቀን ቀን የደንበኛውን መንገድ እያጨናነቀ አስቸግሮን ነበር። ስለዚህ ለባክአፕ የሚሆን ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ልንጨምርላቸው ወሰንን። በ10.20.40 ሰፈር፣ ከደንበኛው መንገድ የተለየ። ከማታው 4 ሰዓት ጀመርን። ሁለቱን ሰርቨሮች ጨረስን። ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይናችን እምቢ አለ። ሦስተኛውን ለሚቀጥለው እሁድ አቆይተን ወደ ቤት ሄድን።

ከመሄዳችን በፊት ግን ፈትሸናል። በሰርቨሮቹ ሰፈር ካለች አንዲት የአስተዳደር ማሽን ፒንግ አደረግን፣ «አላችሁ?» ብለን ጠየቅን ማለት ነው፤ መለሱ። ፕሮግራሙን ከፈትን፣ ተከፈተ። የሎድ ባላንሰሩን ገጽ አየን፣ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ተሰናብተን ወጣን።

ሰኞ 2 ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። 2፡35 ላይ ስልኬ ጮኸ።

መጀመሪያ የተነገረኝ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። ገጹን አየሁት፤ አረንጓዴ ነው። «አለ» አልኩ። «የለም» አሉኝ። ደግሜ አየሁ። «አለ እኮ!» በዚህ ንግግር ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ስልኩ ላይ የነበረችው የመስኮት 4 ልጅ ትዕግሥቷ አለቀና እንዲህ አለችኝ፦

«ስማኝ፣ እኔ ጋ የለም። መስኮት 3 ጋ አለ። መስኮት 6ም ጋ አለ። ከሌሎቻችን ጋ የለም። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ። ደንበኞቼን ወደ 3 እየላክሁ ነው፤ 3 ጋ ያለችው ልጅ ልትሞት ነው። ውረድና በዓይንህ እይ።»

ከስድስት ሁለት። ይህን ስትለኝ ወዲያው መንቃት ነበረብኝ። ሦስት ሰርቨር አለ፤ የነካነው ሁለቱን ነው፤ ያልነካነው አንዱን። ሎድ ባላንሰሩ በአድራሻ ይመድባል። ስለዚህ 3 እና 6 ያልተነካው ሰርቨር ደርሷቸው ይሆናል። ልጅቷ መልሱን ግማሽ ድረስ ሠርታ ነው የሰጠችኝ። እኔ ግን ከአረንጓዴው መብራት ጋር ተጣብቄያለሁ። አረንጓዴ ነው ካለ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ሰርቨሩ ደህና ከሆነ ችግሩ የአዳራሹ ስዊች፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ሣጥን፣ ነው ብዬ አሰብኩ። የአዳራሹን ስዊች ፈታን። ኬብል ቀያየርን። እንደዚያ ሆኖ 4 ሰዓት ሆነ።

ኃላፊያችን መጡ። አልተቆጡም። «ሰርቨሮቹን አጥፍታችሁ ብታስነሷቸውስ?» አሉን። አስነሳናቸው። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ለውጥ የለም። አጥፍቶ ማብራት መጥፎ ምክር ነው አልልም፤ ብዙ ቀን አውጥቶናል። እንደዚህ ላለው ችግር ግን አይሆንም። የተሳሳተ አቅጣጫ የተጻፈለት ሰርቨር ሲነሳም ያንኑ አቅጣጫ ነው የሚያነበው።

ቨርቹዋል ሰርቨር ላይ የሚያስቸግረው የሚዳሰስ ነገር አለመኖሩ ነው። ሁለት ኔትወርክ ካርድ ጨመርን እንላለን እንጂ የተሰካ ካርድ የለም። ሁለቱም በትልቁ ማሽን በአንድ ኬብል ላይ ነው የሚሄዱት። የቀላል ባቡሩ ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ እንደሚጋሩት ማለት ነው። ሐዲዱ ዳር ቆመህ ብታይ ባቡር ሲያልፍ ታያለህ፤ የት እንደሚሄድ ግን ግንባሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ካላነበብክ አታውቅም። ኬብሉ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። እሱም አረንጓዴ ነው።

ጽሑፉን ማንበብ ማለት ፓኬቱን፣ በኔትወርኩ የሚጓዘውን ትንሽ የመልእክት እሽግ፣ መያዝ ነው። ለዚህ የምንጠቀመው ቲሲፒደምፕ የሚባል መሣሪያ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የተጻፈ ነው። መልክ የለውም፤ በጥቁር ገጽ ላይ መስመር በመስመር የሚወርድ ጽሑፍ ብቻ። እኔ ግን ከሙያዬ መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ሲጠየቅ ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው።

ላፕቶፔን ይዤ ወደ አዳራሹ የወረድኩት ለዚህ ነበር። ከእማማ ጋር የተገናኘነውም ያኔ ነው። ከመስኮት 4 ኮምፒውተር ጎን ላፕቶፔን ሰካሁ። እንደ ደንበኛ ሆኜ ልጠይቅ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ላይ ሆኖ በመጀመሪያው ሰርቨር ላይ ይመልከት። ስልክ ከፍተን ጀመርን።

ሁለት ኮምፒውተሮች ንግግር የሚጀምሩት በሦስት ቃል ነው። ጠያቂው በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ባለቤቱ «ማነው? ግባ» ይላል። ጠያቂው «እሺ» ብሎ ይገባል። በሙያው ቋንቋ ሲን፣ ሲን-አክ፣ አክ ይባላሉ። ሦስቱ ካልተሟሉ ምንም አይጀመርም።

«መጣ» አለኝ ልጁ። «ከአንተ ላፕቶፕ ሲን ገባ።»

«መለሰ?»

«አልመለሰም። ደግሞ መጣ። ደግሞ።»

በስልክ እየነገረኝ ሰዓቱን እቆጥራለሁ። ላፕቶፔ አንኳኩቶ 1 ሰከንድ ጠበቀ። ደገመ፣ 2 ሰከንድ ጠበቀ። ከዚያ 4። ከዚያ 8። መልስ በቀረበት ቁጥር የሚጠብቀውን እጥፍ ያደርጋል። ጨዋ እንግዳ እንዲህ ነው፤ በሩን አይደበድብም። «ቤቶች!» ብሎ ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደግማል፣ ከዚያ የበለጠ ይታገሣል። ቀና ስል እማማም እንደዚያው ቆመዋል።

እዚህ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት አጠፋን። ጥያቄ እየገባ መልስ የማይወጣ ከሆነ ፕሮግራሙ ነው የሞተው ብለን ደመደምን። የሰርቨሩን ፋየርዎል፣ ገቢና ወጪውን የሚያጣራውን ጥበቃ፣ አጠፋን፣ የፕሮግራሙን መዝገብ አገላበጥን። መዝገቡ ባዶ ነው። ማንም አልመጣም ይላል።

ያን ጊዜ ልጁ ጠየቀኝ። አዲስ ነው፣ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ጋሼ፣ እያየን ያለነው በመጀመሪያው ካርድ ብቻ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«በሁለቱም ብናይስ?»

ቲሲፒደምፕ አንድ ካርድ ላይ ካስቀመጥከው ያንኑ ነው የሚያይልህ። የፊት በር ላይ የቆመ ጥበቃ በጓሮ በር ማን እንደወጣ አይነግርህም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የአቋቋማችን ነው። ልጁ ትእዛዙን ቀይሮ «ሁሉም ካርዶች» አለው። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ዝም አለ።

«እየመለሰ ነው» አለኝ። «በጓሮ።»

ወደ አምስተኛ ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ይወርዳሉ። የላይኛው፣ ሲን፣ በመጀመሪያው ካርድ ገባ። የታችኛው፣ ሲን-አክ፣ በሁለተኛው ካርድ ወጣ። ሰርቨሩ ከመጀመሪያይቱ ደቂቃ ጀምሮ «ማነው? ግባ» ሲል ነበር የዋለው። ግን ለሎድ ባላንሰሩ ሳይሆን በባክአፑ መንገድ ወደ ሌላ ፋየርዎል ነው የሚናገረው። ያ ፋየርዎል ደግሞ ጥያቄው ሲገባ አላየም። ያልተጠየቀ መልስ መጣብኝ ብሎ ይጥለዋል። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ሁሉም ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

ሊኑክስ ላይ «ወደዚህ አድራሻ ብልክ በየት ትወስደዋለህ?» ብለህ የምትጠይቅበት ትእዛዝ አለ፤ አይፒ ራውት ጌት። የመስኮት 4ን አድራሻ ሰጠነው። በአንድ መስመር መለሰ፦ በ10.20.40.1፣ በሁለተኛው ካርድ። ጠዋት 2፡35 ላይ ብንጠይቀው ያኔ ይነግረን ነበር።

በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት መውጫ በር ተጽፏል። ሊኑክስ ሁለት ዲፎልት ጌትዌይ ሲያገኝ ሜትሪክ የሚባለውን ቁጥር አይቶ ያነሰውን ይመርጣል። የድሮው 100 ነበር። አዲሱ ምንም ቁጥር ስላልተሰጠው 0 ሆነ። 0 ቀደመ።

አዲሱን በር ማን ጻፈው? እኔ ነኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። የካርዱን ቅጽ ስሞላ አድራሻ የሚል ሣጥን አለ፣ ሞላሁት። ማስክ የሚል አለ፣ ሞላሁት። ጌትዌይ የሚል ባዶ ቀረ። ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ተመላሽ ይሆናል፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተማርነው ይህን ነው። እጄ ሄዶ 10.20.40.1 ብሎ ሞላው። የባክአፑ ሰርቨር እዚያው 10.20.40 ሰፈር ውስጥ ነው። ጎረቤት ነው። ጎረቤት ቤት ለመሄድ ታክሲ አያስፈልግም። ያ ሣጥን ባዶ መቅረት ነበረበት።

ችግሩ ተገኘ ብለን ልንደሰት ስንል ሁለተኛው ሰርቨር አስቸገረን። እሱም ላይ ያው ሁለት በር ተጽፏል። በሁሉም ካርዶች ስናይ ግን ሲን ይገባል፤ በፊትም በጓሮም የሚወጣ ምንም የለም። ጭጭ። አንድ ዓይነት ጥፋት፣ ሁለት መልክ። ለትንሽ ጊዜ የያዝነው ሁሉ ስህተት መስሎኝ ልቤ ደነገጠ።

ይህኛው ከሬድ ሃት ቤተሰብ ነው፣ የመጀመሪያው ኡቡንቱ፤ ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። ልዩነቱ አርፒ-ፊልተር ከሚባል ጥበቃ የመጣ ነው። ይህ ጥበቃ አንድ ፓኬት ሲገባ እንዲህ ብሎ ያስባል፦ «ለዚህ ሰው መልስ ብሰጥ በዚህ በር ነበር የምልከው?» አይደለም ከሆነ መልሱ፣ ፓኬቱን ተጠራጥሮ ይጥለዋል። የላኪውን አድራሻ አስመስሎ የሚመጣን አታላይ ለመከላከል ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 3704 በሚባል የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ላይ በሰፊው ተጽፏል። ሬድ ሃቱ ላይ ጥበቃው ጥብቅ ሆኖ ተቀምጧል፣ ኡቡንቱው ላይ ላላ ብሎ። ስለዚህ ኡቡንቱው ጥያቄውን ተቀብሎ በጓሮ መለሰ። ሬድ ሃቱ ደግሞ «ይህ ሰው በጓሮ መምጣት ሲገባው ለምን በፊት መጣ?» ብሎ ፕሮግራሙ ጋ ሳያደርሰው ጣለው። ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ከዚህ ጥበቃ በፊት ስለሆነ ገባ ይለናል። ፕሮግራሙ አልመጣም ይለናል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከርነሉ እንደዚህ ያሉትን ፓኬቶች ማርሺያን ይላቸዋል፤ የማርስ ሰው እንደማለት ነው። ከማይመጣበት የመጣ። መዝገቡን ስናበራው ገጹ በአንድ ጊዜ በማርስ ሰዎች ተሞላ። እያንዳንዱን መስመር ሳነበው አድራሻዎቹን አወቅኋቸው። መስኮት 1። መስኮት 2። መስኮት 5። ካልጠፋ ስም የማርስ ሰው ተብለው የተመዘገቡት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲስተም የጠፋባቸው የአዳራሹ ልጆች ናቸው።

ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አልወሰደም። የ10.20.40ን ጌትዌይ ከሁለቱም ላይ አጠፋን። የመጀመሪያውን ሰርቨር እንደጨረስን የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። «ገባልኝ!» አለች የመስኮት 4 ልጅ፣ ከዚያ ሳትዘጋው ወደ አዳራሹ ዞራ «ቀጣይ!» ስትል ሰማኋት። ቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ቢሯችን ውስጥ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሎድ ባላንሰሩ ለምን የራሱን አድራሻ እንደ ላኪ አይጽፍም? ሶርስ ናት የሚባለው ማለት ነው። ከሕንፃችን ብዙ ሳይርቅ ዋናው ፖስታ ቤት አለ። የአገራችን ፖስታ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙው ደብዳቤ የሚመጣልን ቤታችን ሳይሆን ሣጥን ቁጥራችን ላይ ነው። የምትጽፍልኝ የትም ሁን፣ የላኪ ቦታ ላይ የሣጥን ቁጥርህ ካለ መልሴ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። ሶርስ ናት እንዲሁ ነው። ሎድ ባላንሰሩ «ላኪው እኔ ነኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ መውጫ በሩ የትም ቢሆን መልሱን ለሎድ ባላንሰሩ ይመልሳል። ይህን ብናደርግ ኖሮ ሰኞ ምንም አይፈጠርም ነበር።

ልጁ ይህ ይሁን ይላል። እኔ እምቢ እላለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሰርቨሩ መዝገብ ላይ ሁሉም ጥያቄ ከአንድ ሰው የመጣ ይሆናል። የሰው ገንዘብ የምንነካ ነን። ማታ ላይ «ይህን ወጪ ያዘዘው የትኛው መስኮት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሰርቨሩ መመለስ አለበት። ለዚህ ስል መንገዱ አስቸጋሪ ቢሆንም እውነተኛው የላኪ አድራሻ ሰርቨሩ ዘንድ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። በምትኩ አንድ ሕግ ጨምረናል፦ ከ10.20.30 አድራሻ የሚወጣ ማንኛውም መልስ፣ ሌላ በር ቢጻፍም ባይጻፍም፣ በ10.20.30.1 ይውጣ። እንደገና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ደካማ እጅ ባዶ ሣጥን ቢሞላ ይህ ሕግ ይይዘዋል።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን አረንጓዴው መብራት ነው። ለምን ዋሸን?

አልዋሸም። ሎድ ባላንሰሩ ሰርቨሮቹን የሚጠይቀው ከራሱ አድራሻ ነው። እሱ ደግሞ እዚያው 10.20.30 ሰፈር ነው፣ ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት። ሰርቨሩ ለጎረቤቱ ሲመልስ መውጫ በር አያስፈልገውም፤ በአጥር በኩል ይመልሳል። የእኛም የአስተዳደር ማሽን ያው ጎረቤት ናት። እሁድ ሌሊት የጠየቅነው ሁሉ ጎረቤት ነበር። ጎረቤት ሁሉ «ደህና ነው፣ አሁን አነጋገርኩት» ይልሃል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን በር ላይ ቆሟል። እንግዳውን የጠየቀ የለም።

ከዚህ በፊትም እንደዚህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ ያውቃል፣ በተገላቢጦሽ። ከውጪ ሁሉ ይሠራል፣ እዚያው ሰፈር ካለች አንዲት ማሽን ብቻ አይሠራም። ማሽኗ ሎድ ባላንሰሩን ትጠይቃለች፣ ሰርቨሩ ግን ጎረቤቱ መሆኗን አይቶ በቀጥታ ይመልስላታል። እሷ መልሱን አትቀበልም። ሽማግሌ ልከህ መልሱ በሽማግሌዎቹ ሳይሆን በሌላ ሰው አፍ ቢመጣ ማን ይቀበላል? ያንን ያኔ በአንድ ቀን ፈታሁት፣ ረሳሁትም። መጻፍ ነበረብኝ።

ስለዚህ አሁን ጽፈናል። የሰርቨር ክፍሉ በር ላይ የኔትወርኩ ሥዕል ተለጥፏል። ድሮም ነበር፤ ግን ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ሰርቨሩ የሚሄዱ ብቻ ነበሩ። ልጁ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የመመለሻውን ቀስት ጨመረበት። ቸርችልን ወጥቶ የሚወርድ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የወጣህበት ታክሲ በሄደበት መንገድ አይመልስህም፤ አንዳንዱ መንገድ መሄጃ ብቻ ነው። እኛ ግን ወረቀት ላይ ስንሥል መሄጃውን ሥለን መመለሻው በራሱ የሚመጣ ይመስለናል።

እማማን በዚያ ቀን አላገኘኋቸውም። 9 ሰዓት ላይ አዳራሹ ስወርድ ግድግዳው ጥግ ማንም የለም። ጥበቃውን ጠየቅኋቸው።

«ፌስታል የያዙት? ስድስት ሰዓት ላይ ሄዱ። እግሬ አልቻለም፣ ነገ እመጣለሁ ብለው።»

በማግስቱ መጥተው ይሁን አላውቅም። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ስድስት ሰዓት ድረስ የቆሙት እሳቸው ናቸው እያልኩ ነበር። በቆሙበት ሰዓት ሁሉ ሰርቨሩ መልሳቸውን እየላከ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከመጋዘን አወጣሁ። ሊኑክስ ጫንኩበትና መስኮት 4 ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩት፣ እንደ ማንኛውም የአዳራሽ ኮምፒውተር በዚያው ኔትወርክ ላይ። በየደቂቃው እንደ ደንበኛ ሆኖ «ቤቶች!» ይላል፣ ሦስቱንም ሰርቨሮች በየተራ። ሦስቱ ቃላት ካልተሟሉ ስልኬ ላይ ይደውላል። ፒያሳና ካዛንቺስ ላሉት ቅርንጫፎቻችንም አንዳንድ እያዘጋጀሁ ነው። የሎድ ባላንሰሩ አረንጓዴ መብራት አሁንም አለ፣ አየዋለሁም። ማታ ሥራ ጨርሰን ከመሄዳችን በፊት ግን የምንጠብቀው የጠረጴዛ ሥሩን ነው።

ባለፈው ስወርድ ኮምፒውተሩ ላይ በቢጫ ወረቀት «አይነቀል» ተብሎ ተለጥፎበት አየሁ። እኔ አልለጠፍኩትም። ጽሑፉ የመስኮት 4 ልጅ ነው።